የአሸዋው ከተማ ከንቲባ

ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ከተማ የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። ከተማ ሠርቶ ሲያበቃ የገዛ ቤቱን ለከተማው ሰጥቶ የሚያልፍ ደግሞ ከጥቂቶቹም ጥቂት ነው። የቴል አቪብ የመጀመሪያ ከንቲባ የነበረው ሜር ዲዜንጎፍ ከነዚህ አንዱ ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዲዜንጎፍ በ1861 ዓ.ም. ያን ጊዜ በሩስያ ግዛት ውስጥ በነበረችው በቤሳራብያ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። በጕልማስነቱ በሩስያ ጦር አገለገለ፤ ከዚያም በኦዴሳ ሳለ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ከተነሡት ሰዎች ማኅበር ገብቷል ተብሎ በ1885 ዓ.ም. ታሰረ። ከእስራት ከወጣ በኋላ ግን ሐሳቡን ወደ አባቶቹ አገር መለሰ። ወደ ፈረንሳይም ሄዶ የብርጭቆን ሥራ ስለ ተማረ፣ ባለጸጋው ባሮን ኤድሞንድ ሮትሺልድ በፍልስጥኤም ባሕር ዳር በጠንጡራ የወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚሠራበትን ፋብሪካ እንዲያቆም ላከው። ይሁን እንጂ የዚያ ስፍራ አሸዋ ንጹሕ ብርጭቆ የማይወጣው ሆነና ፋብሪካው ተዘጋ፤ ዲዜንጎፍም ወደ ኦዴሳ ተመለሰ። በመጀመሪያ አሸዋ ያሳፈረው ይህ ሰው ኋላ ስሙን ያገኘው በአሸዋ ላይ ነው።

በ1905 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ በያፋ ተቀመጠ። ያፋ በመጽሐፍ ኢዮጴ የምትባለው ናት፤ ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኰብለል መርከብ የተሳፈረባት፣ ቅዱስ ጴጥሮስም በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት በእንግድነት የተቀመጠባት ጥንታዊት የወደብ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን መንገዶቿ ጠባቦች፣ ቤቶቿም የተጨናነቁ ነበሩ። ስለዚህ በ1906 ዓ.ም. ከአይሁድ አንዳንዶች በአቂባ ዌይስ መሪነት ማኅበር አቆሙ፤ ዲዜንጎፍም ከማኅበሩ ገባ። ከከተማው ውጭ አሸዋማ መሬት ገዝተው፣ ቤት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ ተበድረው፣ በሚያዝያ 1909 ዓ.ም. 66 ቤተ ሰቦች በአሸዋው ላይ ተሰብስበው ቦታውን በዕጣ ተካፈሉ። ዕጣውም ከባሕር ዳር የተለቀመ የዛጎል ቅርፊት ነበረ፤ በአንዱ ቅርፊት የባለቤቱ ስም፣ በሌላው ቅርፊት የቦታው ቍጥር ተጽፎበት ወጣ። ዲዜንጎፍም ከዕጣው ደርሶት ቤቱን ሠራ።

በ1910 ዓ.ም. ሰፈሩ ቴል አቪብ ተባለ። ስሙ በነቢዩ በሕዝቅኤል መጽሐፍ በሦስተኛው ምዕራፍ ይገኛል፤ በዚያ ግን የምርኮኞች ሰፈር ስም ነው። ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ በዚህ ስም ውስጥ ሰምና ወርቅ ያገኛል። «ቴል» የፈረሰ ጥንታዊ ከተማ የተቀበረበት ጕብታ ነው፤ «አቪብ» እሸትና የጸደይ ወራት ነው። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ስም ተጋቡ፤ የምርኮ ስምም የመመለስ ስም ሆነ።

ይሁን እንጂ የምርኮ ትርጓሜ ፈጽሞ አልራቀም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917 ዓ.ም. የፋሲካ በዓላቸው በደረሰበት ወራት፣ የቱርክ መንግሥት የያፋና የቴል አቪብ ነዋሪዎች እንዲወጡ አዘዘ። ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈሩ ሹም የነበረው ዲዜንጎፍ የስደተኞቹን ጕዳይ የሚጠብቀው ጉባኤ አለቃ ሆነ። የከንቲባነቱ እውነተኛ ፈተና ይህ ነበረ፤ ቤቶቹ ባዶ ቆመው ሳሉ ሕዝቡን ከመበተን የሚጠብቅ ሹም ሆነ እንጂ የግድግዳ ሹም ብቻ አልሆነም።

ጦርነቱ አልቆ እንግሊዞች አገሩን በያዙ ጊዜ ስደተኞቹ ተመለሱ። በግንቦት 1921 ዓ.ም. በያፋ በአይሁድና በዐረብ መካከል ደም ፈሰሰ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙዎች ሞቱ፤ ከያፋ የሸሹ አይሁድም ወደ ቴል አቪብ ገቡ። በዚያው ወር ቴል አቪብ የራሷን የከተማ አስተዳደር መብት ተቀበለች። በ1922 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 15 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝቧ በ1931 ዓ.ም. ከ46 ሺህ በለጠ። በ1923 ዓ.ም. መሐንዲሱ ፒንሐስ ሩተንበርግ የኤሌክትሪክ መብራት አስገባላት፤ በ1925 ዓ.ም. የእስኮትላንዱ ሊቅ ፓትሪክ ጌዴስ መንገዶቿንና የአትክልት ስፍራዎቿን በፕላን ነደፈ። ዲዜንጎፍ በፈረስ ተቀምጦ በከተማው ውስጥ ሲዞር ሕዝቡ ሁሉ ያውቀው ነበር። ሹመቱ ግን ያለ ክርክር አልነበረም፤ በ1925 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1928 ዓ.ም. በምርጫ ተመልሶ እስከ ሞቱ ድረስ ከንቲባ ሆኖ ኖረ።

ሚስቱ ዚና በ1930 ዓ.ም. ሞተችበት። የሚወርሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። እርሱም በዕጣ ባገኘው ቦታ የሠራውን ቤት ለመታሰቢያዋ ሲል የሥዕል ቤተ መዘክር እንዲሆን ለከተማው ሰጠ፤ ቤተ መዘክሩም በ1932 ዓ.ም. ተከፈተ። ከተማው ገና መንገድና ውሃ ሳይበቃው ሥዕል ምን ያደርግለታል የሚል ሰው ባይጠፋም፣ ዲዜንጎፍ ግን ከተማ በድንጋይ ብቻ እንደማይቆም ያውቅ ነበር።

በ1936 ዓ.ም. የያፋ ወደብ በዐረቦች አድማ ስለ ተዘጋ ቴል አቪብ በገዛ ዳርቻዋ ከእንጨት የተሠራ የመርከብ ማራገፊያ አቆመች። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሽማግሌው ከንቲባ በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 14 ቀን 1948 ዓ.ም. የእስራኤል መንግሥት መቆም የታወጀው በዚያው ለከተማው በሰጠው ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። አዋጁ ከመነገሩ አንድ ቀን ቀድሞ ያፋ እጇን ሰጥታ ነበር፤ ከ60 ሺህ ከሚበልጡት ዐረቦቿ በከተማው የቀሩት አራት ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት በባሕርና በየብስ ተሰደዱ። በ1950 ዓ.ም. እናቲቱ ከተማ ከልጂቱ ጋራ ተዋሕዳ በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ሆነች።

ይህ ሁሉ ዲዜንጎፍ ከሞተ በኋላ የሆነ ነውና በርሱ ላይ የሚቈጠር ዕዳ አይደለም። ነገር ግን የከተማው ታሪክ ያለዚህ አይሞላም። ግንበኛ በሁለት ነገር ይመዘናል፤ ባቆመው ግድግዳና ከግድግዳው ማዶ ባለው ጎረቤት። ዲዜንጎፍ በመጀመሪያው ሚዛን እጅግ ከባድ ሆኖ ተገኘ፤ በአሸዋ ላይ ሠራ፣ የሠራውም ቆመ። የሁለተኛው ሚዛን ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚከብድ ነውና ለተከታዮቹ ቀረ። ሹመት ያለው ሁሉ ከዚህ ሰው ታሪክ ይህን ይማር፤ ለራሱ ያስቀረው ቤት ከርሱ ጋራ ያረጃል፤ ለሕዝብ የሰጠው ቤት ግን እርሱ ያላሰበውን ታሪክ እስኪያስተናግድ ድረስ ይኖራል።