ወናፍና ሞርሳ፦ የእጅ ሙያ ትምህርት በወለጋ

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት ከሚለካባቸው መለኪያዎች አንዱ ለሠራተኛ እጅ የሚሰጠው ክብር ነው። ወጣቱ ትውልድ ፋብሪካ ገብቶ በማምረቻ ሙያ እንዲሠማራ፣ ለዚህም መሠረታዊውን የወርክሾፕ ዕውቀት ገና በትምህርት ቤት ሳለ እንዲቀስም የሚደረገው ጥረት በአገራችን ረዥም ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች በኩል ሲታይ አንድ ቅራኔ ጎልቶ ይወጣል። ወለጋ ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሯት፤ አንዱ የብረት ሠሪው ጎጆ፣ ሁለተኛው የፊደል ቤት። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ እንጂ አልተዋወቁም።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ፣ በቀድሞው አጠራር ለቀምት፣ የሌቃ ገዥዎች የነሞሮዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞሮዳ መናገሻ ነበረች። ከዚያ አካባቢ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይጎርፍ ከነበረው ግብር ዋነኛው ወርቅ ነበር። ወርቁን አጥቦ የሚያወጣው፣ አቅልጦ ጌጥ የሚያደርገው ግን ስሙ በታሪክ መዝገብ ያልሰፈረው ባለሙያ ነው። የደምቢ ዶሎ አንጥረኞች ዝና እስከ ዘመናችን የዘለቀ ነው። ከእነርሱም ሌላ በአፋን ኦሮሞ ቱምቱ የሚባለው ብረት ሠሪ የገበሬውን ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ያበጅ ነበር።

የቱምቱ ጎጆ በእርግጥም ትምህርት ቤት ነበረ። ልጁ መጀመሪያ ወናፍ ይነፋል። ወናፍ መንፋት ተራ ጉልበት ቢመስልም ልጁ እሳቱን የሚያነበው በዚሁ ነው፤ ብረቱ ሲጋል በመጀመሪያ ደብዘዝ ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ደማቅ ቀይ፣ በኋላም ብጫ እየሆነ እንደሚሄድ፣ ከልክ ሲያልፍ ፍንጣሪ እየረጨ እንደሚቃጠል በዓይኑ ያጠናል። ከዚያ ጉጠት ይይዛል፤ ከዚያ መዶሻ ይሰጠዋል። የጋለ ብረት መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር፣ ሲነከር እንደሚጠነክር፣ ያለ ልክ ከጠነከረም እንደሚሰበር የሚያውቀው በመጨረሻ ነው። ይህ ዕውቀት መጽሐፍ አልነበረውም፤ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ተላለፈ።

ይሁን እንጂ ማረሻውን የሠራው እጅ ከማረሻው ፍሬ እኩል አልተካፈለም። ብረት ሠሪው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በብዙው የአገራችን ክፍል ከጋብቻ ተገለሉ፤ ከርስት ተነቀሉ፤ ቡዳ ተባሉ። ሰው መሣሪያውን ይገዛል፤ ሠሪውን ግን ይጠየፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን ከልክለዋል፤ ስድቡ ሙያ የሚያጠፋ፣ አገርንም ባዶ የሚያስቀር መሆኑን ገልጸዋል። የዐዋጁ ቃል ታላቅ ቢሆንም የሰው ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይለወጥም። ከሁሉም በላይ ዐዋጁ ስድብን ከለከለ እንጂ ቱምቱን አስተማሪ አድርጎ ትምህርት ቤት አላስገባውም።

የፊደሉ ቤት ወለጋ ሲደርስ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በምፅዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ ከአስቴር ጋኖ ጋር ለብዙ ዓመታት ከደከሙ በኋላ በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ በነቀምቴም አስተማሩ። ይዘዋቸው የመጡት የኦሮምኛ መጻሕፍት በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዳንዶቹ የታተሙት በዚያው በእምኩሉ፣ በሚስዮኑ ማተሚያ ቤት ነበር። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ የሚለቅም፣ ገጽ የሚያስር፣ ቀለም የሚቀባ፣ መኪና የሚያንቀሳቅስ እጅ ባይኖር ኖሮ መጽሐፉም ባልኖረ። ፊደልና ወርክሾፕ በዚያ አንድ ነበሩ። መጽሐፉ ወለጋ ሲደርስ ግን ማተሚያው ከኋላ ቀረ። ዘመናዊ ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ከትምህርት ቤት የወጣው ልጅ ሰባኪ፣ መምህር፣ አስተርጓሚ ወይም ጸሐፊ ሆነ። መንግሥት የሚፈልገው ብዕር የሚይዝ ሰው ነበርና ብዕር ከመዶሻ ማምለጫ ተደርጎ ተቆጠረ።

ሞርሳና ሞረድ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የገቡት ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። በ1950ዎቹ ዓመታትም አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብ መጣ። ነቀምቴም በዚህ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አላት። ሐሳቡ የቀለም ትምህርትን ከእንጨት ሥራ፣ ከብረታ ብረት፣ ከእርሻና ከቤት አያያዝ ጋር በአንድ ግቢ ማስተማር ነበር።

ተማሪው በወርክሾፕ የሚማርበት ዘዴ ከሩቅ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ ቪክቶር ዴላ ቮስ በሞስኮ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የእጅ ሥራን በደረጃ ከፋፍለው ያስተምሩ ነበር፤ ዘዴው በ1876 በፊላዴልፊያ ኤግዚቢሽን ታይቶ በዓለም ተሠራጨ። በዚህ ዘዴ ተማሪው የተጠናቀቀ ዕቃ አይሠራም፤ መሣሪያውን መያዝ ይለማመዳል። ቁራጭ ብረት በሞርሳ ያስራል፤ ገጹን በሞረድ ያስተካክላል፤ በሹል ብረት ያሰምርበታል፤ በመጋዝ ይቆርጠዋል፤ በትራፓኖ ይበሳዋል። ከዚያ ስኳድራውን በብረቱ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ያነሣዋል። በሁለቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ሥራው አልተቃናም። የሀብታም ልጅም ሆነ የድኻ ልጅ፣ ብርሃኑ አያዳላም። ይህ ለወጣት ሊሰጡ ከሚችሉ የእውነት ትምህርቶች ሁሉ የላቀ ነው።

ጉድለቱ ሌላ ነው። የተሞረደው ቁራጭ ማጭድ አይሆንም፤ ማንም ገበሬ አይገዛውም። በስዊድን ኦቶ ሳሎሞን በዚያው መቶ ዓመት ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ለቤት የሚጠቅም ዕቃ እንዲሠራ ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ ዘዴዎች ቢጋጠሙ፣ ማለትም የስኳድራው ጥንቃቄና የማጭዱ ጥቅም ቢገናኙ፣ የሚገኘው ከቱምቱ ጎጆ የራቀ አይሆንም። ወናፉን የሚነፋው ልጅ የሚለማመደው ነገ ገበያ በሚወጣ ብረት ላይ ነውና። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ሞርሳውን ከባሕር ማዶ ሲያስመጣ በገበያው ዳር ያለውን ብረት ሠሪ አልጠራውም።

የ1966ቱ አብዮት ይህን ግንብ ለማፍረስ ቃል ገባ። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በሙያው ምክንያት ርስት የተነፈገውን ሰው የመሬት ተጠቃሚ የሚሆንበትን በር ከፈተ። በዚያው ዓመት በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ትምህርት ለምርት፣ ለሳይንሳዊ ምርምርና ለፖለቲካ ንቃት የሚል መመሪያ ወጣ፤ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት በሥርዓተ ትምህርቱ ታቀደ፤ የእደ ጥበብ ባለሙያዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። መፈክሩ ትክክለኛ ነበር፤ ነገር ግን መፈክር ብረት አይሞርድም። መሣሪያና ጥሬ ዕቃ እጅግ አነሱ፤ ጦርነትና ፍርሃት የዘመኑን ጉልበት በሉት። ማኅበሩ በአንድ ወገን፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ ወገን እንደ ቆሙ ዘመኑ አለፈ።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በነቀምቴና በሌሎችም ከተሞች ተስፋፍተዋል። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ወደ ሙያ ሥልጠና ይላክ የነበረው በ10ኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ያላመጣው ተማሪ ነበር። ሞርሳው በዚህ መንገድ የወደቀ ሰው መቀመጫ ተደረገ። አሮጌው ንቀት ጎጆውን ለቅቆ በፈተና ውጤት ተመስሎ ተመለሰ። እናት ልጇ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እልል ትላለች፤ ቶርኖ ቤት ሲገባ ግን ዝም ትላለች።

ዝምታው የሚያስከፍለው ዋጋ በምርት ይታያል። በሆሮ ጉድሩ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ወለጋ ትልቅ ኢንዱስትሪ አገኘች። አገዳውን የሚጨምቁት ከባድ ሮለሮች፣ በአገዳው ገለባ የሚነድደው ቦይለር፣ በእንፋሎቱ የሚዞረው ተርባይን፣ ሁሉም በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚለካ እጅ ይሻሉ። አንድ ቤሪንግ ያለ ልኩ ቢገባ መስመሩ ይቆማል፤ የተቆረጠው አገዳ ደግሞ ስኳሩን እያጣ ይደርቃል። ያን ጊዜ የሚፈለገው የስኳድራውን ብርሃን ማየት የለመደ ዓይን ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርት ወደ 7ኛና ወደ 8ኛ ክፍል ወርዷል። ልጁ በፈተና ከመለየቱ በፊት መሣሪያ መንካቱ መልካም ጅምር ነው። ጅምሩ እንዳይመክን ግን ከዚህ ታሪክ መማር ይገባል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ብረት ሠሪው ጎጆ ይውሰዱ፤ ብረት ሠሪውንም ወደ ክፍል ይጋብዙ፤ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ስለ እሳት ቀለም ያስረዳ። ኪነ ጥበብም ዕዳ አለባት፤ በመድረኮቻችን ንጉሡና ጦረኛው ብዙ ጊዜ ታይተዋል፣ የጦረኛውን ጦር የቀጠቀጠው ግን ገና ወረፋውን እየጠበቀ ነው። የሞርሳውና የወናፉ ልጆች በአንድ ወንበር የተቀመጡ ዕለት ወለጋ ሁለቱን ትምህርት ቤቶቿን አንድ ታደርጋለች።