ካዲላክ

ካዲላክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ረጅሙ የአሜሪካ መኪና ነው። ስሙ ግን የፈረንሳይ ነው። ከቦርዶ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በጋሮን ወንዝ ዳር፣ በጣፋጭ ነጭ ወይኗ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ አለች፤ የአገሬው ሰው «ካዲያክ» ይላታል። መጨረሻው ላይ ያለው «አክ» በጥንት ዘመን ርስትን፣ የእገሌ ይዞታን ያመለክት ነበር። ኮኛክም በዚሁ ቅጥያ የሚያልቅ የከተማ ስም ነው።

ስሙን ውቅያኖስ ያሻገረው በ1658 እ.ኤ.አ. የተወለደው አንትዋን ሎሜ ነው። የመኳንንት ዘር አልነበረም። ሰሜን አሜሪካ ሲገባ ግን «ደ ላ ሞት ካዲያክ ነኝ» አለ፤ የጋሻ ዓርማም ለራሱ አበጀ። በ1701 ዲትሮይትን ቆረቆረ። የአባቱ ስም ሎሜ ከሰው አፍ መጥፋቱ ያሳዝነኛል፤ የተወው ግን እሱ ራሱ ነው።

በ1902 እዚያው ዲትሮይት የተቋቋመው የመኪና ኩባንያ ስሙንም ዓርማውንም ወረሰ። የድሮ ካዲላክ ፊት ለፊት ቆሞ ዓርማውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ መንቆርም እግርም የሌላቸው ትንንሽ ጥቁር ወፎች ያገኛል። ሚሺጋን ውስጥ ደግሞ ካዲላክ የምትባል ሌላ ከተማ አለች፤ እሷም የተጠራችው በአንትዋን ስም ነው።