የፍጥነት ቆጣሪው ምን ይቆጥራል? የአሮጌ መኪኖች መለኪያና የስሕተቱ ታሪክ

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የአንድ አሮጌ መኪና ዕድሜ የሚወሰነው በሠራው ፋብሪካ ሳይሆን በሚጠግነው መካኒክ ነው። እንግሊዝ አገር የተሠራ ላንድሮቨር ሞተሩ ቢደክም የጃፓን ናፍጣ ሞተር ይገባለታል፤ ካምቢዮው ቢያልቅ ከሌላ መኪና ይወሰድለታል፤ ጎማው ደግሞ በገበያ የተገኘው ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀር አንድ ዕቃ አለ። መስታወቱ ይወለወልና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መርፌውም እንደ ቀድሞው ይነሣል፣ ይወርዳል። ይህ ዕቃ የፍጥነት ቆጣሪው ነው። መኪናው ሌላ መኪና እንደ ሆነ የሚነግረው ስለሌለ ስለ ድሮው መኪና መመስከሩን ይቀጥላል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ አንድ የተለመደ ግምት መታረም አለበት። ፍጥነት ቆጣሪ ፍጥነትን አይለካም። መንገዱንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ቀጭን ኬብል በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ብቻ ነው። ቀሪው ሁሉ ከፋብሪካው የተሰጠው ግምት ነው፤ ጎማው ይህን ያህል ስፋት አለው፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይህን ያህል ነው፣ ስለዚህ ኬብሉ ይህን ያህል ጊዜ ሲዞር መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ሄዷል ማለት ነው። ግምቱ እስካልተለወጠ ድረስ ቁጥሩ እውነት ነው።

የመንኮራኩርን ዙር እየቆጠሩ ርቀትን የማወቅ ሐሳብ ከመኪና እጅግ ይቀድማል። የሮማው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ክፍለ ዘመን በጻፈው የሕንፃ ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ በሠረገላ ላይ የሚገጠም የርቀት መቁጠሪያ ገልጿል። የሠረገላው መንኮራኩር አንድ ጊዜ ሲዞር 12 ከግማሽ ጫማ ይሄዳል፤ 400 ጊዜ ሲዞር 5,000 ጫማ፣ ማለትም አንድ የሮማ ማይል ይሞላል፤ በዚያን ጊዜ ጥርሳም መንኮራኩሮቹ አንዲት ድንጋይ ወደ ናስ ዕቃ ይጥላሉ። ተሳፋሪው የድንጋዩን ድምፅ እየሰማ ማይሉን ይቆጥራል። ከዚያ ሠረገላ ላይ መንኮራኩሩን አንሥቶ ሰፋ ያለ ቢገጥሙለት ድንጋዩ መውደቁን አያቆምም፤ የሚወድቀው ግን ከማይሉ በኋላ ይሆናል። ዛሬ በአሮጌ መኪኖች ላይ የምናየው ስሕተት ከዚህ የተለየ አይደለም።

ርቀትን ትቶ ፍጥነትን ማወቅ ያስፈለገው ሕግ ሲመጣ ነው። በእንግሊዝ በ1903 የወጣው የሞተር መኪና ሕግ የፍጥነት ጣሪያውን በሰዓት 20 ማይል አደረገው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሕጉ ካለ ቅጣት አለ፤ ቅጣት ካለም አሽከርካሪው ለራሱ የሚሆን ምስክር ይሻል። ለዚህ ጥያቄ ጸንቶ የኖረውን መልስ የሰጠው ጀርመናዊው ኦቶ ሹልትሰ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1902 ነበር። በእርሱ መሣሪያ ውስጥ ኬብሉ አንድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በአሉሚኒየም ኩባያ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ ኩባያውን አይነካውም፤ ሲሽከረከር ግን በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራልና ኩባያውን አብሮት እንዲዞር ይጎትተዋል። ቀጭን የጥምዝ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ጉተታውና ሞላው በሚመጣጠኑበት ቦታ መርፌው ይቆማል። መሣሪያው ቀላል፣ ርካሽና ጽኑ ስለ ነበር ኤሌክትሮኒክስ እስኪተካው ድረስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪናው ዓለም ሁሉ ተገለገለበት።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በአንዱ መስታወት ሥር ሁለት ምስክሮች መኖራቸው ነው። ፍጥነቱን የሚያሳየው መርፌ በማግኔትና በሞላ ይሠራል፤ ርቀቱን የሚቆጥሩት ቁጥሮች ግን ከዚያው ኬብል በጥርስ ብቻ ይነዳሉ። ማግኔት ሊደክም፣ ሞላም ሊላላ ይችላል፤ ጥርስ ግን አይደክምም። በመሆኑም የርቀቱ ቁጥር ትክክል ሆኖ መርፌው ብቻ ቢሳሳት ሕመሙ ያለው በመሣሪያው ውስጥ ነው። ሁለቱም በአንድ ልክ ከተሳሳቱ ግን መሣሪያው ጤነኛ ነው፤ የተለወጠው መኪናው ነው። መሣሪያውን ፈትቶ ከመነካካት በፊት ይህን መለየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ላንድሮቨር ለዚህ ጉዳይ ጥሩ አብነት ነው። በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ሲታይ መለኪያዎቹ በመሪው ፊት ሳይሆን በመኪናው መካከል ተደርድረው ነበር፤ ይህም በግራም በቀኝም ለሚነዱ አገሮች አንዱን ሰሌዳ ለመጠቀም አስችሏል። ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ኬንያ በግራ እንደ ነዳች ቀረች፤ ላንድሮቨሩ ግን ከሞያሌ ወዲያና ወዲህ ሰሌዳው ያው ነበር። ልዩነቱ ከመስታወቱ በስተጀርባ ነው። በአንዱ ላይ የተጻፈው ማይል፣ በሌላው ላይ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ አጭሩና ረጅሙ ላንድሮቨርም በተለያየ ጎማ ስለሚሄዱ ቆጣሪያቸው እንደየጎማቸው የተስተካከለ ነበር። እንዲህ ያሉ ቆጣሪዎችን የሠራው፣ በለንደን በሰዓት ሥራ የጀመረው የስሚዝስ ኩባንያ፣ በሰሌዳው ላይ በትንንሽ ፊደል አንድ ቁጥር ያትም ነበር። ብዙ ባለቤቶች የዕቃ መለያ የሚመስላቸው ይህ ቁጥር፣ ኬብሉ ለአንድ ማይል ወይም ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት የሚናገር የመሣሪያው የእምነት ቃል ነው። የማይሉን ሰሌዳ አውጥቶ የኪሎ ሜትሩን ማስገባት ብቻውን የማይበቃውም ስለዚህ ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚበቃው ዙር ለማይል ከሚበቃው ዙር ከመቶ 62 ገደማ ስለ ሆነ በሁለቱ ላይ የታተሙት ቁጥሮች በዚያው ልክ መመጣጠን አለባቸው።

በቀደሙት ላንድሮቨሮች ላይ የሚገኘው የዲፈረንሻል ምጥጥን 4.7 ለ 1 ነው፤ ማለትም ዘንጉ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ለዳገትና ለጭቃ የተመረጠ ነው። አስፋልት ሲበዛና ጠንካራ ሞተር ሲገባለት ግን መኪናው መጮኽ እንጂ መሄድ አይሆንለትም። በዚህ ጊዜ ባለቤቶች የሚያደርጉት የታወቀ ነገር አለ፤ ከ1970 ጀምሮ ከወጣው ሬንጅሮቨር የ3.54 ዲፈረንሻል አምጥተው ከፊትም ከኋላም ይገጥሙለታል። (አንዱን ብቻ መለወጥ በአራቱም ጎማ ሲነዳ ፊትና ኋላውን እርስ በርስ ያታግላል።) ሞተሩ ይረጋጋል፣ መኪናው ይፈጥናል። መርፌው ግን አይፈጥንም።

ምክንያቱ ኬብሉ የሚነሣበት ቦታ ነው። በላንድሮቨር ላይ ኬብሉ የሚነሣው ከካምቢዮው ቀጥሎ ኃይልን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ሳጥን መውጫ ላይ ነው፤ ከዲፈረንሻሉ በፊት ማለት ነው። ዘንጉ እንደ ቀድሞው ይዞራል፣ ጎማው ግን ለዚያው ዙር ከቀድሞው ይበልጥ ይሄዳል። 4.7ን ለ3.54 ስናካፍል 1.33 ገደማ እናገኛለን። መርፌው 60 ሲል መኪናው በእውነት 80 ገደማ ይሄዳል፤ መርፌው 80 ሲል 106። የፍሬን ርቀት ከፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ጋር ስለሚያድግ፣ አሽከርካሪው በ60 እየወረደ የሚመስለውን ቁልቁለት ለመቆም ከገመተው ከሦስት አራተኛ በላይ ተጨማሪ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ያውም በከበሮ ፍሬን። በዚህ ላይ የአጭሩን ላንድሮቨር ቀጭን ጎማ አውጥተው የረጅሙን ትልቅ ጎማ ቢያስገቡለት ከመቶ አሥር የሚያልፍ ሌላ ስሕተት በዚያው አቅጣጫ ይጨመራል።

በአንጻሩ ሰው በከንቱ የሚጠረጥራቸው ለውጦችም አሉ። ሞተር መለወጥ ለብቻው በቆጣሪው ላይ ምንም አያመጣም። በላንድሮቨር ላይ የሚጨመረው ተጨማሪ ማርሽ፣ ኦቨርድራይቭ የሚባለው፣ የሚሠራው ከኬብሉ መነሻ በፊት ስለሆነ ቆጣሪውን አያሳስተውም። የቮልስዋገን ቢትል ኬብል ደግሞ የሚነሣው ከፊት ጎማ መካከል ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ሞተሩም ካምቢዮውም ቢቀየሩ መርፌው አይነካም፤ የፊት ጎማው ስፋት ብቻ ያሳስበዋል። እንግዲህ ጥያቄው «ምን ተለወጠ?» ሳይሆን «የተለወጠው ከኬብሉ መነሻ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» የሚለው ነው።

በዚህ አካባቢ የቆጣሪን እውነት በጥብቅ የፈተነው መድረክ በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘውድ መጫን ምክንያት አድርጎ የተጀመረው፣ በ1960 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የተባለው የመኪና ውድድር ነው። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን በሚያቋርጠው በዚህ ውድድር ረዳቱ መንገዱን የሚያነበው በርቀት ነበር፤ መታጠፊያውን ያሳተ ቆጣሪ ውድድሩን ያሳጣል። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች ሃልዳ የተባለውን የስዊድን የርቀት መለኪያ ከቆጣሪው ኬብል ጋር ያያይዙ ነበር። የሃልዳ ብልሃት ስሕተቱን መደበቅ ሳይሆን አስቀድሞ መቀበል ነበር፤ በውስጡ የሚለዋወጡ ጥንድ ጥርሳም መንኮራኩሮች ነበሩት። መኪናው በተለካ ርቀት ላይ ይነዳል፣ ልዩነቱ ይታያል፣ ከሰንጠረዡ ተገቢው ጥንድ ተመርጦ ይገባል። ይሁን እንጂ ውድድሩ ለረጅም ዘመን በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ ሲወርድ ይካሄድ ስለ ነበር ሌላ ፈተና ነበረበት፤ በጭቃ ውስጥ ባለበት የሚሽከረከር የኋላ ጎማ ያልሄደውን መንገድ ያስቆጥራል። በ1963 እና በ1968 ውድድሩን የጨረሱት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ፤ በሁለቱም ዓመታት አሸናፊው ፔጆ 404 ነበር።

ማረሚያውም እስከ ዛሬ ከሃልዳ ዘዴ ብዙ አልራቀም። መጀመሪያ መለካት ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከላይ የተጠቀሰው ላንድሮቨር 7.5 ገደማ ብቻ ይቆጥራል። መርፌውን ለመፈተን ደግሞ ሌላ ሰው ሰዓት ይዞ አንዱን ኪሎ ሜትር ይለካል፤ መርፌው 60 ላይ ቆሞ ሳለ ኪሎ ሜትሩ በ60 ሴኮንድ ፈንታ በ45 ካለቀ እውነተኛው ፍጥነት 80 ነው። ዛሬ በሳተላይት ፍጥነትን የሚያውቅ ስልክ ይህን ፈተና አቅልሎታል፤ ከመኪናው ዘንግና ጥርስ ጋር ዝምድና የለውምና ገለልተኛ ምስክር ነው። መንገድ መውጣት የማይፈልግ መካኒክ ኬብሉን ከቆጣሪው ፈትቶ፣ መኪናውን ጎማው ስድስት ጊዜ እስኪዞር እየገፋ፣ የኬብሉን ዙር መቁጠርና የተሄደውን ርቀት በሜትር መለካት ይችላል። የኬብሉ ዙር ለርቀቱ ተካፍሎ በ1,000 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር በሰሌዳው ላይ ከታተመው የኪሎ ሜትር ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። የሁለቱ ልዩነት የስሕተቱ ልክ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው። በብዙ መኪኖች ካምቢዮ ውስጥ ኬብሉን የምታዞረው ትንሽ ጥርሳም መንኮራኩር በሌላ የጥርስ ቁጥር ትተካለች፤ የሚስማማ ከተገኘ ከዚህ የተሻለ የለም። ካልተገኘ በኬብሉ መካከል ትንሽ የማርሽ ሳጥን ይገባል፤ ለላንድሮቨሩ 20 እና 15 ጥርስ ያላቸው ጥንዶች ከሚፈለገው ልክ ከመቶ ግማሽ በማይሞላ ልዩነት ያደርሱታል። ሦስተኛው ማግኔቱን ወይም ሞላውን ማስተካከል ነው። ይህ በጋራዥ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ርካሽ ስለ ሆነ ነው፤ ነገር ግን መርፌውን ብቻ ያቀናል እንጂ የርቀቱን ቁጥር በሐሰት እንደ ተወው ይቀራል። የዘይት መለወጫ ጊዜውም የሽያጭ ዋጋውም የሚመዘነው በዚያ ቁጥር ነውና ይህ ግማሽ ማረሚያ ነው።

ሕግ በበኩሉ ስሕተትን ፈጽሞ አይከለክልም፤ አቅጣጫውን ግን ይወስናል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 እንደሚለው ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት የለበትም፤ ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን እስከ ከመቶ አሥርና 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ይፈቀድለታል። በ80 የሚሄድ መኪና መርፌ 92 ቢል ደንቡን አልጣሰም፤ 79 ቢል ጥሷል። የላንድሮቨሩ ለውጥ በተከለከለው አቅጣጫ ነው። ኬንያ በ2003 በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በጆን ሚቹኪ ዘመን ባወጣችው መመሪያ የሕዝብ ማመላለሻዎች በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር እንዳያልፉ የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥሙ ስታዝ ነገሩ ከባለቤቱ ፍላጎት ወጥቶ የተሳፋሪው ጉዳይ ሆነ። ፍጥነቱን ከዚያው ዘንግ የሚቀበል መገደቢያ የዘንጉን ስሕተት ይወርሳል፤ ዲፈረንሻሉ ወይም ጎማው ተለውጦ እንደ ገና ካልተስተካከለ 80 ላይ ይዤዋለሁ ሲል መኪናው ያልፈዋል።

መርፌው ቢታረም የኋላው ርቀት አይመለስም። ላንድሮቨሩ ከለውጡ በኋላ 100,000 ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ከሆነ በእውነት የሄደው ከ132,000 በላይ ነው፤ ይህን ማስላት የሚቻለው ግን ዲፈረንሻሉ የተለወጠው ቆጣሪው ስንት ላይ ሳለ እንደሆነ በመኪናው መዝገብ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው።