የ48ቱ ሰዎች ነገር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፤ እናንተም «የመሠረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። የማጫውታችሁ የሆነ ነገር ነው፤ የሆነውም እዚሁ አገራችን፣ ወላይታ ውስጥ ነው።

ዘመኑ የጣሊያን ነው፤ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም.። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፤ አዲስ አበባ ከተያዘች ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ሶዶ ላይ፣ ኦቶና በሚባለው ሰፈር የነበሩት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ፈረንጆች አገሩን ልቀቁ ተብለው ዕቃቸውን ጠቅልለዋል። ሊሸኟቸው ከወጡት መካከል የተጠመቁት ወላይታዎች ቢቆጠሩ 48 ናቸው። አርባ ስምንት! ዛሬ አንድ ደህና ሠርግ ላይ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እንኳ ከዚህ ይበልጣል።

እነዚህ 48 ሰዎች ከየት መጡ? ነገሩ ወደኋላ ይወስደናል። ሚሲዮናውያኑ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በበቅሎ ወደ ደቡብ ያቀኑት በ1920 ዓ.ም. ነበር። አስበው የተነሡት ጅማ ለመግባት ነው። መንገዱ ግን ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳሞ አዞራቸውና እዚያው ቀሩ። ጅማ ቢገቡ ኖሮ ይህን የማወራው ስለ ሌላ አገር ሰው ነበር።

ወላይታም ባዶ ልብ ይዞ አልጠበቃቸውም። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ኢሳ ላሌ የሚባል ከጋሞ የተነሣ ሰባኪ በዚያ አገር አልፏል። ለመናፍስት መገበሩን ተዉ፤ ሰማይን የፈጠረውን ጦሳን ብቻ አምልኩ እያለ። ሰውም በእሑድ ጣቱን ማር ነክሮ ወደ ሰማይ እየረጨ ይጸልይ ነበር አሉ። እንዲህም ሆኖ ሚሲዮናውያኑ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዎች ያጠመቁት በታኅሣሥ 1926 ዓ.ም. ነው። ከ5 ዓመት በላይ ደክመው 10 ሰው! ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

እናላችሁ፣ የስንብቱ ቀን ሚሲዮናውያኑ ጉዟቸውን ጀመሩ። ዞር ብለው እጃቸውን የሚያውለበልቡትን ሲያዩ፣ ይህች ጭል ጭል የምትል መብራት ይህን ሁሉ ጨለማ ትችለዋለች ወይ ብለው መጠራጠራቸውን በኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። እኔ በጥርጣሬያቸው አልፈርድም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? የሚተዉት ሰው እጅ ላይ ያለው በወላይትኛ የተተረጎመ ጥቂት የወንጌል ክፍል ነው። ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነው። ጳጳስ የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፣ ደሞዝ የለ፤ ከበላይ ያለው መንግሥት ደግሞ ጠላት።

አሁን ይህን ታሪክ መድረክ ላይ የሚናገሩትን ብትሰሟቸው፣ ከ48 ተነሥተው 10,000 ምእመን ላይ የሚደርሱት በአንድ ትንፋሽ ነው። አዳራሹም ያጨበጭባል። እኔን የሚገርመኝ መካከሉ ነው። በ1930 ዓ.ም. በአንዱ ዝናባም ሌሊት ጎጆው ውስጥ የተኛ ወላይታ፣ 10,000 የሚባል ቁጥር አያውቅም። ጣሊያን በ1933 እንደሚወጣም የነገረው የለም። የሚያውቀው ነገ ሊታሰር እንደሚችል ነው።

እንግዲህ ምን አደረጉ ትሉኛላችሁ። ያደረጉትማ ትንንሽ ነገር ነው። ማንበብ የሚችለው ያነብባል፣ የማይችለው በቃሉ ይይዛል፣ በቃሉ የያዘውም በገበያ ቀን ተራራ ወጥቶ ወርዶ ለዘመዱ ይነግራል። ጸሎት ቤታቸው የሣር ክዳን ጎጆ ናት። ትፈርሳለች፤ ይሠሯታል። ደግማ ትፈርሳለች። ጣሊያን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሚሲዮን ያስተማረውን ሰው በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ያገሬው ባለሥልጣንም ሰዉ ከድሮው ሥርዓት ማፈንገጡ አልጣመውም። እና ብዙዎቹ ሶዶ ወህኒ ወረዱ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ እምብርት ያለው ወህኒው ደጃፍ ላይ ነው። በዚያን ዘመን እስረኛን የሚቀልበው ዘመዱ ነው። እናቱ ወይ ሚስቱ ቆጮ ጠቅልላ፣ ቦዬ ቀቅላ፣ ውሃ በቅል ይዛ ካልመጣች እስረኛው ይራባል። ዘመድ የሌለው ወይም አገሩ የራቀበት፣ የሌላውን አፍ እያየ ነው የሚውለው። እነዚህ ምእመናን ለወንድሞቻቸው ስንቅ ሲያመላልሱ፣ የማያውቁትም እስረኛ እንዲደርሰው አድርገው ይዘው ይመጡ ጀመር። በነፍስ ግድያ የታሰረውም፣ በከብት ሌብነት የታሰረውም በላ። ነገሩ ወሬ ሆነ። ዘመዳቸው ያልሆነውን የሚመግቡ እነማን ናቸው ተባለ። የወላይታ ሰው ስብከቱን ገና ሳይሰማ ያን ጥቅልል ቆጮ አየ። ብዙ ሰውም ወደ እነሱ የመጣው በዚያ በኩል ነው።

ከታሰሩት መካከል ዋንዳሮ የሚባለው ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። በአደባባይ፣ ሰው እያየ ተገረፈ፤ በአለንጋ፤ ከዚያም ወህኒ ወረደ። ሲፈታ ዝም ይላል ተብሎ ቢጠበቅ፣ ወደ ስብከቱ ተመለሰ። ዋንዳሮን ስናወራ ግን አንድ ነገር እናበላሻለን። ሁሉንም ዋንዳሮ እናደርጋቸዋለን። ጀግና ያው ጀግና ነው፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የቀሩት እንደኔና እንደናንተ ያሉ ሰዎች ናቸው። የፈረስ ኮቴ ሲሰሙ ልባቸው የሚመታ፣ ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል ብለው የሚጨነቁ። ስንቅ ይዞ ወህኒ ደጃፍ ላይ መቆም የነሱ ወገን ነኝ ብሎ ራስን ማጋለጥ ነው። የሄደችው ሴት እየፈራች ሄደች ብዬ ነው እኔ የማስበው።

ልጁን መንፈስ ይጥልበት የነበረውን ያን የወንጌሉን አባት ታስታውሳላችሁ? አምናለሁ ካለ በኋላ፣ አፉን ሳይዘጋ፣ አለማመኔንም እርዳልኝ ብሎ የጮኸውን። ጌታ ሂድና እምነትህን አሳድገህ ተመለስ አላለውም። ልጁን ፈወሰለት። እኔ ወላይታዎቹን ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ አባት ነው። የነበራቸውን ያህል ይዘው ቀረቡ፤ የነበራቸውም ከጥቂት ገጽ የማይበልጥ ነበር። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ እምነቴ ትንሽ ነው ብሎ ጥግ የሚይዝ ሰው በየቤታችን አለ። እስኪያድግ ይጠብቃል። እነዚህ ሰዎች ግን ሳይጠብቁ ቆጮውን ጠቀለሉ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወሬው ቀድሞ ደርሷቸው ነበር፤ ለማመን ግን ቸገራቸው። ትተዋቸው የሄዱት 48 ሰዎች ወደ 10,000 ሆነዋል፤ ጸሎት ቤቶቹ 100 ገደማ ደርሰዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ሌላው ነገር ሳያስደነግጣቸው አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያጠምቃሉ፣ ራሳቸው ያጋባሉ፣ የበደለውን ራሳቸው ይገሥጻሉ። ለፈረንጁ የተረፈለት ማስተማርና መጽሐፍ መተርጎም ነበር፤ እሱም ቢሆን ደስ ብሎት ያዘው።

ወላይታዎቹስ ምን አሉ? የተወራውን የሚያዳምጡበት ጊዜም አልነበራቸውም። ወንጌላውያኑ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ከዚያም ወዲያ፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር በእግራቸው መንገድ ጀምረው ነበር። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምትባለው ቤተ ክርስቲያን በደቡቡ አገር የተስፋፋችው በእነዚያ እግሮች ነው። አንዳንዶቹ የሄዱበት አገር ወባ ወስዷቸው እዚያው ተቀብረዋል፤ በቦታቸው ሌላ ሰው ተላከ።