ባቡር ጣቢያ ላይ የወረደው መሸፈኛና ማንም የማያነሳት ሴት



በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው እየተመላለሰ የሚለጠፍ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1923 ሁዳ ሸዕራዊ የምትባል ግብፃዊት ከሮም ጉባኤ ተመልሳ ካይሮ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ መሸፈኛዋን አውልቃ ጣለች፣ ሊቀበሏት የወጡት ሴቶችም አጨበጨቡላት ይላል። አንዱ ወገን ይህን ሲያነብ «ጀግና ማለት ይቺ ናት» ይላል፤ ሌላው ይራገማል። «ሒጃቧን ጣለች» በሚለው ላይ ግን አድናቂውም ተራጋሚውም አንድ ናቸው።

ሁለቱም ያልሆነ ነገር ነው የሚያወሩት። ሁዳ ያወረደችው የፊት መሸፈኛዋን ነው፤ ዛሬ ኒቃብ የምንለውን ዓይነት። ፀጉሯ እንደተሸፈነ ነበር። ፊትን መሸፈን ግዴታ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ዑለማዎቻችን ከድሮ ጀምሮ ኢኽቲላፍ እንዳላቸው ቂርኣት ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ዘመን ካይሮ ደግሞ የፊት መሸፈኛው የከተማ እመቤቶች ልብስ ነበር። የክርስቲያኖቹና የአይሁዶቹ ባለጸጎች ሚስቶችም ይለብሱት ነበር፤ በአባይ ዳር ጥጥ የምትለቅመው ሙስሊም ገበሬ ግን ፊቷን ገልጣ ነበር የምትሠራው። ስለዚህ ጣቢያው ላይ የሆነው ነገር ብዙዎች እንደሚያስቡት የዲን ክህደት አልነበረም፤ አድናቂዎቿ እንደሚሉትም የሴቶችን ነፃነት በአንድ ቀን የወለደ ተአምር አልነበረም።

ሁዳን በአንድ ደቂቃ ድርጊት ከመመዘን ሕይወቷን ማየት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1879 በሚንያ ተወለደች። አባቷ ሙሐመድ ሱልጣን ባሻ ትልቅ ባለ መሬትና ባለሥልጣን ነበሩ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ቁርኣንን ሐፍዛለች። ነገር ግን የሐፈዘችውን አትረዳውም ነበር። ዐረብኛውን ልማር፣ ነሕው አስተምሩኝ ብላ ሼኹን ለመነቻቸው፤ እሳቸውም ኪታቡን ይዘው መጡ። የቤቱ ጠባቂ ግን መለሳቸው፤ ልጅቷ ዳኛ ልትሆን አይደለም፣ ነሕው ምን ያደርግላታል ብሎ። ይህን ራሷ በማስታወሻዋ ጽፋዋለች። የአላህን ቃል በልቧ የያዘች ልጅ ትርጉሙን እንዳታውቅ በሩ ተዘጋባት። ለእኛ ከባቡር ጣቢያው ይልቅ ይህ ነው የሚያስቆጨው፤ ምክንያቱም ይህን የከለከለው ዲኑ አይደለም፣ ሰው ነው።

በ13 ዓመቷ ዳሯት። ባሏ ዐሊ ሸዕራዊ የአጎቷ ልጅና ሞግዚቷ ነበር፤ በዕድሜ እጅግ ይበልጣት ነበር፣ ልጆችም ነበሩት። እናቷ ኒካሑ ላይ ሸርጥ አስገብተው ነበር፤ ሌላ ሴት ሊኖረው አይችልም የሚል። ሸርጡ ሲፈርስ ሁዳ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰችና ሰባት ዓመት ያህል ተለይታ ኖረች። የተማረችው በእነዚያ ዓመታት ነው። ኒካሕ ላይ ሸርጥ ማስገባት በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ያለ መብት መሆኑን ከእህቶቻችን ስንቶቻቸው ያውቃሉ?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1919 ግብፃውያን በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ የካይሮ እመቤቶች እንደተሸፈኑ አደባባይ ወጡ፤ ወታደሮችም ከበቧቸው። ሁዳ ከመሪዎቹ አንዷ ነበረች። በ1923 የግብፅ ሴቶች ኅብረትን መሠረተች። ኅብረቱ ከጠየቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የጋብቻ ዕድሜ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሴት 16፣ ለወንድ 18 ዓመት ዝቅተኛ ዕድሜ ሆኖ በሕግ ወጣ። በ13 ዓመቷ የተዳረች ሴት ናት ይህን የጠየቀችው። ባቡር ጣቢያውን የሚያነሳው ሰው ይህን ሲያነሳ አንሰማም፤ ፎቶ የለውማ።

እንከን አልነበራትም ለማለት አይደለም። ኅብረቷ የባለጸጎች ማኅበር ነበር። በ1925 ያወጣው መጽሔት በፈረንሳይኛ ነበር የሚታተመው፤ የዐረብኛው የመጣው በ1937 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አብዛኛዋ ግብፃዊት ማንበብ በማትችለው ቋንቋ ስለ ግብፃዊት ሴት ተጻፈ። ዛሬም ስለ እህቶቻችን በማይገባቸው ቋንቋ የሚሟገቱላቸው ሲበዙ ስናይ ይህ መጽሔት ትዝ ይለናል።

ወደ ሮም ከሁዳ ጋር ከሄዱት አንዷ ነበዊያ ሙሳ ናት። እሷን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባሻ አባት አልነበራትም፤ በደመወዝ የምትኖር አስተማሪ ነበረች። የምታገኘው በወር 6 ፓውንድ ነው፤ ወንዶቹ መምህራን ግን 12። ለምን ብላ ስትጠይቅ እነሱ የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፍኬት አላቸው ተባለች። ለሴቶች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። እቤቷ ተቀምጣ አጠናችና በ1907 ፈተናውን ወስዳ አለፈች፤ በግብፅ የመጀመሪያዋ። ከእሷ በኋላ ሌላ ግብፃዊት ያንን ፈተና እስክትቀመጥ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ነበዊያ ከሁዳ ዓመታት ቀድማ ፊቷን መሸፈን ትታ ነበር። ያጨበጨበላት ግን የለም፤ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ወደ ክፍሏ ገብታ ታስተምር ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልናስተዋውቃችሁ የፈለግነው ግን ሌላዋን ነው። መለክ ሒፍኒ ናሲፍ። ከነበዊያ ጋር በአንድ ዓመት፣ በ1886 ተወለደች፤ ሰኒያ በሚባለው ትምህርት ቤትም ተምራለች። አባቷ ሒፍኒ ናሲፍ የዐረብኛ ሊቅና ገጣሚ ነበሩ፤ ሴት ልጃቸውን ከመጽሐፍ ያልከለከሉ አባት። መለክ ተመርቃ አስተማሪ ሆነች። በ1907 አገባች። ባሏ ዐብዱስሰታር አል-ባሲል የፈዩም በዳዊዎች አለቃ ነበር።

ካይሮን ትታ ፈዩም ስትደርስ ነው ባሏ ሌላ ሚስትና ልጅ እንዳለው ያወቀችው። ማንም አልነገራትም ነበር። ልጅቷን እንድታስተምራት ተጠየቀች። መለክ ይህን ለቤተሰቧ ሳትናገር ውጣ ያዘችው። ከዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ባሒሠቱል ባዲያ፣ ማለትም የበረሃዋ ፈላጊ በሚል የብዕር ስም። አሕመድ ሉጥፊ አስ-ሰይድ በሚያዘጋጁት አል-ጀሪዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺ፣ በጣውንት ስለሚቃጠል ልብ፣ ስለ ትምህርት ጻፈች። ጽሑፎቿ በ1910 አን-ኒሳኢያት በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ወጡ።

በዚያ ዘመን ቃሲም አሚንን የመሰሉ ወንዶች ሴቶች ፊታቸውን ይግለጡ እያሉ ይጽፉ ነበር። ሌሎች ወንዶች ደግሞ ይሸፈኑ እያሉ ይመልሱላቸዋል። መለክ በሁለቱም ተናደደች። ሐሳቧ ባጭሩ ይህ ነው፤ ትናንት ቤት ውስጥ የዘጋችሁን እናንተ፣ ዛሬም የምታወጡን እናንተ ከሆናችሁ ምኑ ተለወጠ? መጀመሪያ አስተምሩን፣ መንገድ ላይ የሚለክፈውን ወንድ ሥርዓት አስይዙት፣ ከዚያ ስለ ልብሳችን የሚበጀውን እኛው እናውቃለን። የፊት መሸፈኛው በጥድፊያ እንዲወልቅ አልደገፈችም። ለዚህም ይመስለናል ዛሬ አድናቂ ያጣችው። ገላጮቹም ሸፋኞቹም የእኔ ናት ሊሏት አልቻሉም።

በ1909 በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሴቶች ንግግር አድርጋ መጨረሻው ላይ አሥር ነጥቦች ዘረዘረች። የመጀመሪያው ሴት ልጆች ቁርኣንንና ትክክለኛውን ሱና ይማሩ የሚል ነው። ትምህርት ለሁሉም ልጃገረድ፣ ለሴቶች የሚበቁ ሴት ሐኪሞችና መምህራን እንዲሠለጥኑ፣ ሴቶች የፈለጉትን የትምህርት ዘርፍ እንዲመርጡ የሚሉ አሉበት። ሊጋቡ የታሰቡት ሁለቱ በአባት ወይም በመሕረም ፊት ሳይተያዩ ጋብቻ አይፈጸም የምትለዋም ከሸሪዓው ወስዳ ያስቀመጠቻት ናት። አሥረኛዋ ላይ ደርሰን ሳቅ ብለናል፤ እነዚህን በሥራ ላይ ማዋል የወንድሞቻችን ግዴታ ነው ትላለች። ሥልጣኑ ማን እጅ እንዳለ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1911፣ ካይሮ አጠገብ ሄሊዮፖሊስ ላይ የግብፃውያን ጉባኤ ሲጠራ ጥያቄዎቿን ላከች። አዳራሹ የወንዶች ስለነበር ያነበበላት ወንድ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሴቶች መስጂድ ገብተው ኹጥባና ትምህርት እንዲሰሙ በሩ ይከፈትላቸው የሚል ነበር። ልብ በሉ! ከመስጂድ መውጣትን አይደለም የጠየቀችው፣ መግባትን ነው። ጉባኤው አልተቀበላትም።

«ሴት ልጅ እንዲህ በአደባባይ መሟገቷ ከየት የመጣ ነው፣ ከፈረንጅ አይደለም ወይ?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ወደ መዲና ይመለስልን። ኸውላ ቢንት ሠዕለባን (ረዲየላሁ ዐንሃ) እናስታውስ። ባሏ አውስ ኢብኑ ሷሚት በቁጣ እንደ እናቱ ጀርባ እንደሆነችበት ተናገራት፤ ዚሃር የሚባለው የጃሂሊያ ልማድ ነው። ሴቲቱ ባል ያላትም የሌላትም ሳትሆን ተንጠልጥላ የምትቀርበት። ኸውላ ዝም አላለችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዳ ጉዳይዋን አቀረበች፣ ደጋግማ ተሟገተች፣ ወደ አላህም ስሞታ አሰማች። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) በዚያው ቤት ሆና ከንግግሯ ከፊሉ ሳይሰማት እንደቀረ፣ አላህ ግን ከሰባት ሰማያት በላይ እንደሰማት አውርታለች። ሱረቱል ሙጃደላ የወረደው በዚህ ነው፤ ምዕራፉ ስሙን ያገኘው ከተሟጋቿ ሴት ነው። ልማዱ ተሻረ፤ ያንን ቃል የተናገረ ባል ወደ ሚስቱ ለመመለስ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ካልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም፣ ካልቻለም ስድሳ ሚስኪን ማብላት አለበት ተባለ።

ኸውላ የጮኸችው ለመታየት አልነበረም። ጉዳዩ የታወቀ፣ መፍትሔ የሚፈልግ፣ የሚመለከተውም አካል ፊት የቀረበ ነው። መለክም እንደዚያው ናት። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናደንቃቸው ደፋር ሴቶች ብዙዎቹ ድፍረታቸውን እንጂ የሚጠይቁትን ነገር አናውቀውም። ዘፋኟ፣ ተዋናይቷ፣ የቲክቶኳ ታዋቂ ወንዶችን አንድ ነገር ብላ ዝም ስታሰኝ ቪዲዮው ይሠራጫል። ቪዲዮውን ያጋራችው እህት ግን ነገ መህሯ ሲቀር፣ ውርሷ በወንድሟ ሲያዝ፣ ከትምህርት ቤት ስትስተጓጎል ከዚያ ንግግር የምትይዘው አንዲት መስመር የለም። በሌላ በኩል ደግሞ «ፌሚኒስት» የሚለውን ስድብ አድርጎ የሚወረውር ወንድም፣ ሚስቱ መህሯን ስትጠይቅም ያንኑ ቃል ይወረውርባታል። ቃሉን ከለላ አደረገው ማለት ነው። ሁለቱንም አንወዳቸውም።

ሁሉም ሴት በሁዳ መንገድ ይሂድ ማለትም አይደለም። ዘይነብ አል-ገዛሊ በወጣትነቷ ሁዳ ኅብረት ገብታ ብዙ ሳትቆይ ወጣች፤ በ1936 ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት የሙስሊም ሴቶች ማኅበርን አቋቋመች። በናስር ዘመን ከ1965 እስከ 1971 ታስራለች። በብዙ ነገር ከሁዳ ጋር አይግባቡም፤ ዝም ባለማለት ግን ማን ከማን ያንሳል?

መለክ ብዙ አልኖረችም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1918 ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ የምንለው ኢንፍሉዌንዛ በ31 ዓመቷ ወሰዳት፤ አላህ ይዘንላት። በመታሰቢያዋ ላይ ንግግር ካደረጉት አንዷ ሁዳ ሸዕራዊ ነበረች። ባቡር ጣቢያው ገና አምስት ዓመት ይቀረዋል። ሁዳ ስለ ሴቶች ጉዳይ በአደባባይ ስትናገር የመጀመሪያዋ እንደሆነ ይነገራል፤ የተናገረችውም ስለ መለክ ነው።

መለክን ፈዩም ላይ የጠበቃት ያልተነገረ ትዳር ጉዳይስ? በ1979 በግብፅ የቤተሰብ ሕግ ላይ ማሻሻያ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ተሻረ። በ1985 ፓርላማው በአዲስ ሕግ መለሰው። በዚህ ሕግ መሠረት ሙሽራው ኒካሕ ሲያስር ሚስት ካለችው ስሟንና አድራሻዋን በውሉ ላይ ማስመዝገብ አለበት፤ መዝጋቢውም ለቀድሞዋ ሚስት በአደራ ደብዳቤ ያሳውቃታል። መለክ ካረፈች 67 ዓመት ሆኗት ነበር።