የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍና ታሪኩ



ከመካከላችን አንድ ሰው ሲለየን ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚወጣው ፎቶግራፉ ነው። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን የሟች ልብስ፣ ጋሻና ፈረስ ወጥቶ ይለቀስ ነበር። ነገር ግን ፎቶግራፍ መልክን ብቻ አይደለም የሚያስቀረው፤ ሰውየው የተነሣበትን ቀንም ይዞ ይቀራል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ እቴጌ ጥሩወርቅንና የ7 ዓመቱን ልጅ ይዞ ወጣ። እናቲቱ ባሕር ሳይደርሱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁም አማርኛ በሚያውቀው በሻምበል ስፒዲ እጅ ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ስመ ጥሯ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሩን አነሣችው። ያገሩን ልብስ ለብሶ ብቻውን ተነሣ፤ ስፒዲም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ተነሣ። ለእንግሊዞቹ የሩቅ አገር ንጉሥ ልጅ ማየት ብርቅ ነበር። እኛ ግን እስቲ ቀኑን እንቁጠር፤ አባቱ ከሞቱ 4 ወር እንኳ አልሞላም እኮ! በዚያን ጊዜ ፎቶ ለመነሣት ሳይነቃነቁ ብዙ መቆየት ግድ ስለ ነበር የሚስቅ ሰው አይገኝም ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ግን በዚያ ፊት ላይ የሚያየው ሐዘን ነው።

ልዑሉ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ በሕመም ሞተ፤ በዊንድሰር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ቀባሪ አላጣም፤ ያገሩን አፈር ግን አጣ። አገራችን በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፣ በዚያው የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል።

እንግዲህ ፎቶግራፉ የሚናገረው ታሪኩ ስለ ተጻፈ ነው፤ ባይጻፍማ የማን ልጅ እንደ ሆነ ማን ያውቅ ነበር? በየቤታችን ግድግዳና ሣጥን ውስጥ ስማቸው የተረሳ ስንት አባቶችና እናቶች አሉ! የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን፣ ከፎቶግራፉ ጀርባ ስማቸውንና ዘመኑን እንጻፍ።