ሚስዮናውያን በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 መጠኑ 7.0 የሆነ ርዕደ መሬት የፖርት-ኦ-ፕሪንስንና የሌዮጋንን ከተሞች ሲያፈርስ፣ ይበልጥ የጠቀሙት ቀድሞውኑ በሄይቲ ይኖሩ የነበሩ የክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው ማለት ይቻላል። የአገሩን ቋንቋ ክሪዮልን ይናገሩ ነበር፤ ክሊኒክና መጋዘንም ነበራቸው። ካርፉር በተባለው ከተማ ያለው የአድቬንቲስት ሆስፒታል ሕንፃው ስላልፈረሰ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ማዕከል ሆነ። የሚስዮናውያኑ ውሎ በአብዛኛው ስብከት አልነበረም፤ ቁስል ማጠብ፣ ውሃ ማከፋፈል፣ ድንኳን መትከል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለውጭ ሐኪሞች ማስተርጎም ነበር፤ ያለ አስተርጓሚ እግሩ ሊቆረጥ ያለን ሰው ፈቃድ መጠየቅ አይቻልምና።

እርዳታው የሃይማኖት ማስፋፊያ ሽፋን ነው የሚሉ አሉ። ወቀሳው መሠረት የለሽ አይደለም፤ በዚያው ወር መጨረሻ 10 አሜሪካውያን ባፕቲስቶች 33 ሕፃናትን ያለ ፈቃድ ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊያሻግሩ ሲሉ ተይዘዋል፤ የብዙዎቹ ልጆች ወላጆችም በሕይወት ነበሩ። ነገር ግን ጥፋቱን ያመጣው እምነት ብቻ ሳይሆን፣ ምናልባትም ከእምነት ይልቅ፣ ችኮላና አገሩን አለማወቅ ነው። በሄይቲ ድሃ ወላጅ ልጁን ለሕፃናት ማሳደጊያ ሲሰጥ እንዲማርና እንዲበላ ብሎ እንጂ ለዘለቄታው ሊለየው ብሎ እንዳልሆነ፣ ዓመታት የቆየ ሚስዮናዊ ያውቃል።